አውድማው ላይ የቀረው ምሰሶ

የገብስ ገለባ ሽታ ከጨርቅ ቶሎ አይለቅም። ይህን ያረጀ የጅንስ ጃኬት ባለቤቴ ሁለቴ አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች፤ እኔ ግን ባነሣሁት ቁጥር ያው ነው፣ ደረቅ፣ ጣፈጥ የሚል፣ አፍንጫ የሚያሳክክ ሽታ። "በዚህ ዕድሜህ የጎረምሳ ጃኬት ከየት አመጣህ?" አለችኝ መጀመሪያ ያየችው ቀን። "የራሴው ነው፣ ድሮ ወደ ሰቆጣ በኩል ረስቼው ነበር" አልኳት። "መቼ?" አለች። ወሬ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ደጋግማ ጠይቃኛለች፣ እኔም ደጋግሜ ወሬ ቀይሬያለሁ። ስለዚህ እስኪ ለወረቀት ልንገረው፤ ወረቀት ዓይን ዓይኔን አያየኝም።

ታኅሣሥ ላይ ሰቆጣ የሄድኩት ለሠርግ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን የድሮ ሾፌር ሰይድ የመጨረሻ ሴት ልጁን ሊድር "ካልመጣህ ቂም ነው" ብሎ ደወለልኝ። ከወልድያ በአውቶቡስ ስገባ ከተማዋን አላወቅኋትም። ባጃጁ ይርመሰመሳል፣ ፎቁ ተደርድሯል፣ አንድ ሻይ ጠጥቼ የተጠየቅሁትን ብር ስሰማ አስተናጋጇ ያሾፈችብኝ መሰለኝ። እኔ ደግሞ መጥፎ ልማድ አለብኝ፤ የትም ልሂድ የድሮ ዋጋ ከአፌ አይጠፋም። ያኔ፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ለሥራ ስመጣ፣ ሰቆጣ ውስጥ አልጋ በአሥር ብር ነበር፤ አሥራ አምስት ከከፈልክ አንሶላው የታጠበ ነው። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም። በረዶ የመሰለው ነጭ ማር ኪሎው አሥራ ሁለት ብር፣ ያውም ሻጯ ጣትህን አስነክራ አስቀምሳህ። ከተማው የሚበራው በሞተር ስለነበር መብራት ሊጠፋ ሲል ብልጭ ብልጭ ይልልሃል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ሣህኑን ይዞ እጁን ያፋጥናል። ከገጠር የሚመጣው ወጣት ኮንጎ ጫማ፣ ቁምጣና ጋቢ ነው ልብሱ። እኛ ከአዲስ አበባ የመጣነው ደግሞ ጅንስ በጅንስ ነበርን። የእኔን ጃኬት መርካቶ ግማሽ ቀን ተከራክሬ በዘጠና ብር ነው የገዛሁት፤ አንገትጌው ላይ የበግ ጠጉር የመሰለ ነገር አለው፣ በዘመኑ እሱን ለብሶ ፒያሳ መታየት ቀላል ነገር አልነበረም።

ሥራችን ንፋስ መለካት ነበር። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቃሉ፤ ያኔም ሰው ይስቅ ነበር። በንፋስ ኃይል መብራት ለማመንጨት የሚሆነው የትኛው የአገራችን ክፍል እንደሆነ ለማወቅ፣ በየአካባቢው ረጅም የብረት ምሰሶ እንተክላለን። ጫፉ ላይ ንፋስ የሚያሽከረክራቸው ትንንሽ ኩባያዎች እንሰቅላለን፣ ከሥሩ የሚመዘግብ ሣጥን እናስራለን። ሣጥኑ አንድ ዓመት ሙሉ ይመዘግብና ቁጥሩ አዲስ አበባ ሄዶ ከሌላው አካባቢ ቁጥር ጋር ይመዛዘናል። በምሥራቅ ግመል የሚታከክበት ሜዳ ላይ ተክለናል፤ በደቡብ ሐይቅ ቁልቁል የሚታይበት ኮረብታ ላይ ተክለናል፤ በሰሜን የገደል አፋፍ ላይ ተክለናል። ምሰሶውን ወጥረው የሚያቆሙት የብረት ገመዶች ናቸው፤ አንዱን ከብት ከጎተተው ወይም ሰው ከፈታው ይወድቃል። ስለዚህ ከየቦታው ስንነሣ ለባለመሬቱ የምናገራት ቃል ነበረችኝ፤ "አደራ፣ እስክመለስ ማንም እንዳይነካው" እላለሁ። እውነቱን ለመናገር እንደ "ደህና ሁኑ" ነበር የምላት። ሰይድ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል፣ እኔ አደራዬን ጣል አድርጌ በሩን እዘጋለሁ።

ከሰቆጣ ወደ ደሃና የወጣነው ገብሱ ታጭዶ በተከመረበት ወቅት ነው። የመኪናው ቴፕ ከካሴቱ አንዱን ፊት ብቻ ያጫውት ስለነበር ያንኑ የፍቅር ዘፈን ስንሰማ ዋልን፤ ዛሬም ግጥሙን ከነስህተቴ እዘፍነዋለሁ። ከአምደወርቅ አልፈን መኪናው ከማይደርስበት ስንደርስ ብረቱን በሰው ትከሻ አስይዘን አንዲት ጎጥ ገባን። አያ ኪሮስ የሚባሉ፣ ዘለግ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ ተቀበሉን። "እዚህ አገር ንፋስ የሚበዛው የት ነው?" አልኳቸው። ሳቁ። "ይሄም ይጠየቃል? አውድማው ላይ ነዋ" አሉ። አውድማው የተራራው ትከሻ ላይ ነው። መሬቱ የአያ ኪሮስ ይሁን እንጂ የጎጡ ሰው በሙሉ እህሉን የሚወቃው እዚያ ነው። በሬ ከረገጠው በኋላ በመንሽ ወደ ላይ ሲበትኑት ንፋሱ ገለባውን ወደ ገደሉ ይወስድና ፍሬውን እግራቸው ሥር ይጥልላቸዋል። እኛም ለምሰሶ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም አልንና አውድማው መሐል ችካል መታን።

ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው በኽምጣና ሲመክሩ ብዙ ቆዩ። ቋንቋውን ስለማልሰማ እኔ ሰዓቴን ነበር የማየው። በመጨረሻ አያ ኪሮስ ወደ አማርኛ መለስ ብለው "ለስንት ጊዜ ነው?" አሉኝ። "ለአንድ ዓመት ብቻ" አልኳቸው። "ለአንድ ዓመትማ እንችላለን፤ ታች ጎድጓዳው ውስጥ እንወቃለን" አሉ። ምሰሶው ቆሞ፣ ገመዱ ተወጥሮ፣ ሣጥኑ ታስሮ ስንጨርስ እንደ ልማዴ "አደራ፣ እስክመለስ" አልኩ። እሳቸው እጃቸውን ከጋቢያቸው አውጥተው ዘረጉልኝ። አባ ተክሌ የሚባሉ የደብሩ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎችም ቀረብ አሉ። እኔ የስንብት መስሎኝ ጨብጬያቸው ቁልቁል ወረድኩ። ጃኬቴን አጥራቸው ላይ ሰቅዬ መርሳቴ ትዝ ያለኝ አምደወርቅ ስንደርስ ነው። "እንመለስ?" አለ ሰይድ። "ተወው፤ ስመለስ እወስደዋለሁ" አልኩት።

አልተመለስኩም። ዓመቱ ሲሞላ ሣጥኑን ሌሎች ልጆች ሄደው አመጡት፤ እኔ ወደ ሌላ አካባቢ ተመድቤ ነበር። ምሰሶው ደግሞ ማውረጃው ከዋጋው ይበልጣል ተብሎ እዚያው ቀረ። የየአካባቢው ቁጥር ተደርድሮ የሚሆነውና የማይሆነው ሲለይ ግን ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ተራው ደሃና ሲደርስ "ንፋሱስ ደህና ነበር፤ ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ራቀ፣ መንገዱም አይመችም" ተባለ። ብስኩት እየዞረ ነበር። ሣህኑ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ደሃና ታለፈች። እኔ እዚያ አውድማ ላይ የቆምኩት፣ በሶ የጠጣሁት ሰውዬ፣ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ብስኩቴን አነሣሁ።

ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰይድ ሱቅ ተቀምጬ በድሮ ዋጋ ስጨቀጭቀው ነበር። አባቱ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡበት ሱቅ ዛሬ ሚስማር፣ የናይለን ገመድ፣ ባልዲና በፀሐይ የምትሞላ መዳፍ የምታክል መብራት ይሸጥበታል። አንዲት ሴት ገመድ ልትገዛ ገባች። ጎፈሬዋ በጎን በጎኑ ሸብቷል፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አስራለች። "ኢንጂነር፣ እስኪ መንገድ ልቀቅላት" አለ ሰይድ። ኢንጂነር እንዳልነበርኩ ያውቃል። ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ገጠር ውስጥ እንደዚያ ሲጠሩኝ አላርምም ነበርና እስከ ዛሬ ይቀልድብኛል። ሴትዮዋ ዞር ብላ አተኩራ አየችኝ።

"እርስዎ እኛ አውድማ ላይ ብረት የተከሉት አይደሉም? ደሃና?"

"ኧረ እኔ እንጃ፤ ብዙ ቦታ ነው የተከልነው" አልኩ። አውቄያታለሁ ማለቴ አይደለም፤ ግን "አውድማ" ስትል ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር ሸሸ፣ አፌም ተከትሎት ሸሸ።

"ወላሂ እሱ ነው፤ እኔም ነበርኩ" አለ ሰይድ እየሳቀ።

ገመዱን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። "የኪሮስ ልጅ ነኝ፣ ዝናሽ። በሶ በጥብጬ የሰጠሁዎት። ተመስገን፣ ይኸው አመጣዎት። አባቴ 'ይመጣል' እያለ ነው ያለፈው።"

ያኔ ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች ሙሽራ ቢጤ ነበረች። "ብረቱ አሁንም አለ?" አልኳት።

"የት ይሄዳል? አደራ አይደል።"

ከዚያ እንደ ቆመች ነገረችኝ። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር፤ እሷ ግን የምትናገረው ስለ ዝናብና ስለ ጸሐይ እንደሚያወራ ሰው ነው። ሣጥኑን የወሰዱት ልጆች "ሥራው አልቋል፣ ብረቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት" ብለዋቸው ነበር። አያ ኪሮስ ግን "የተቀበልኩት ከእናንተ አይደለም፤ የሰጠኝ ሲመጣ ያነሣዋል" አሉ። ቀበሌውም ቢናገር መልሳቸው ያው ነው። ድርቅ የመጣ ጊዜ ብረት ገዢዎች እስከ ደጃቸው መጡ፤ "በሬያችንን ሸጥን፣ ብረቱን አልነካንም" አለች ዝናሽ። ያ የጦርነት ክፉ ዘመን በመጣም ጊዜ የሚያልፍ የሚያገድመው ባለ ጠመንጃ ገመዱን ሊፈታ ሲል ሽማግሌው ምሰሶው ሥር ተቀምጠው አልነሣም ብለዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን እህሉ የሚወቃው ታች ጎድጓዳው ውስጥ ነው። እዚያ ንፋስ አይገባም። የተወቃው ገብስ ገለባውን እንደያዘ ክምር ሆኖ ንፋስ ሲጠብቅ ይሰነብታል። አምና ያለጊዜው የመጣ ዝናብ ደረሰበትና ክምሩ ላይ በቀለ። ጎረቤቱ ለአያ ኪሮስ ክብር ሲል ችሎ ኖሯል፤ አሁን ግን ትዕግሥቱ አለቀ። "ዘንድሮ አውድማው ካልተከፈተ ከእንግዲህ ወንፈል አንመጣልሽም" ብለዋታል። ያለ ወንፈል ደግሞ አንዲት መበለት ከአንድ ልጇ ጋር ሆና ማጨዱንም መውቃቱንም አትችለውም።

"ልጄ ምስጋናው ገመዱን በመጋዝ እቆርጠዋለሁ ብሎ ምሏል" አለች። "ከቆረጠው አደራ በላ ይባላል፤ አባቴ ቃሌን ያዥልኝ ብሎኝ ነው የሞተው። ካልቆረጠው ሰው አጣን። አባ ተክሌም ደክመዋል። ከምስክሮቹ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ካለፉ አደራው በማን ፊት ይነሣልናል?"

"በቃ እኔ ፈቅጃለሁ፤ ንቀሉት" አልኳት። "እሱ ነው ያለው በያቸው።"

"እዚህ ሱቅ ውስጥ?" አለች ዙሪያውን አይታ።

"ለአባ በስልክ ልንገራቸው?"

"አባ ጆሯቸው ከብዷል።"

"ጉልበቴን ደግሞ ያመኛል፤ ሠርጉም አለ..." እያልኩ ሰይድን አየሁት፣ እንዲያድነኝ። ሰይድ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አወረደ። "ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው። ነገ ደርሰን እንመለሳለን፤ እኔ እነዳለሁ" አለ። እንዲህ ጨክኖብኝ አያውቅም። ዝናሽ ነገሩ እንዳለቀ አይታ ገመዷን አነሣች። "ገመዱ ለምንድን ነው?" አልኳት፣ ዝም ከምል ብዬ። "ልጄ ብረቱን ከጣለው ሰው ላይ እንዳይወድቅ፣ በዚህ እንዲይዘው ብዬ ነበር" አለች።

በማግስቱ በጠዋት ወጣን። ዝናሽ ከኋላ ተቀምጣለች። ሰይድ ከስልኩ ላይ ያንን የድሮ ዘፈን አወጣልኝ፤ አሁን ሁለተኛውም ፊት ይሠራል። አልጣመኝም። "ያኔ ምን ብዬ እንደወጣሁ ታስታውሳለህ?" አልኩት ቀስ ብዬ። "አደራ ነዋ" አለ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። "ሁሉም ጋ ትል ነበርኮ።" አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ሰማዩ ሩቅ መሆኑን ብቻ ነበር የያዝኩት። ከዝናሽ ጋር እንዳልተያይ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

መኪናውን አቁመን በእግር ስንወጣ ምሰሶው ከሩቅ ታየኝ። ዘመም ያለ፣ የዛገ፣ ግማሹ የወደቀ ነገር ነበር የጠበቅሁት፤ ቢሆንልኝም ደስ ይለኝ ነበር፣ እነሱም ትንሽ እንደረሱት እቆጥረዋለሁ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዙሪያው በእሾህ ታጥሯል፣ ከብት ዓይቶ እንዲመለስ በየገመዱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ክረምት ሊገባ ሲል ገመዱን ማጠባበቁ የአያ ኪሮስ ሥራ ነበር፣ ከሳቸው ወዲህ የምስጋናው። ኩባያዎቹ ረግፈው አንዲቷ ብቻ ቀርታለች፤ ንፋሱ ሲገፋት ሲጥ ሲጥ እያለች ትዞራለች። ለማን እንደምትዞር እንጃላት።

ዝናሽ ማታውኑ ደውላ ነግራቸው ኖሮ የጎጡ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቀን ነበር። አባ ተክሌን በበቅሎ አምጥተው ድንጋይ ላይ ጋቢ አንጥፈው አስቀምጠዋቸዋል። አውድማ በጫማ አይረገጥም፤ ያኔ በቡት ጫማዬ ስንጎማለልበት እንግዳ ነው ብለው ዝም ብለውኝ ኖሯል። አሁን ዳር ላይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ስፈታ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሁሉም ያየኛል። መሐል ገብቼ በመንገድ ያጠናሁትን ጀመርኩ። "አደራዬን አንሥቻለሁ። ስላስቸገርኳችሁም ይቅርታ..."

አባ ተክሌ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። "ቆይ ልጄ። መጀመሪያ ትረከባለህ።"

ዝናሽ ከቤት ስልቻ ይዛ መጣች። አንድ በአንድ እያወጣች እግሬ ሥር አኖረችው፤ ከጫፍ የረገፉትን ኩባያዎች፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ ሰይድ ጥሎት የሄደ የዛገ መፍቻ። በመጨረሻ ጎታ ውስጥ፣ ገብሱ መሐል ሲቀመጥ የኖረውን የጅንስ ጃኬቴን አወጣች። እንደ ታጠፈ ነው። የአንገትጌው ጠጉር እንኳ አልተነካም።

"ይሄንን እንኳ ለምን አልለበሳችሁትም?" አልኩ።

ምስጋናው ነው የመለሰልኝ፤ እናቱ ያኔ አዝላው የነበረው ልጅ ዛሬ ጺም አውጥቷል። "ልጅ ሆኜ ብርድ ሲበረታ እየለመንኳት አልቅሻለሁ" አለ ፈገግ ብሎ። "የሰው ነው፣ ባለቤቱ ይመጣል አለችኝ።" ሰው ሳቀ። ዝናሽም ሳቀች። እኔ የምይዘው ፊት አጣሁ። ደሃና ብርዱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያን ቀን አምደወርቅ ላይ ራሴ ተንቀጥቅጫለሁ። ጃኬቱን ለልጁ ዘረጋሁለት። "አይ ጋሼ፣ አሁንማ አይበቃኝም" አለ፤ እውነቱን ነው፣ ትከሻው የእኔን ሁለት ያህላል።

"ተረክበሃል?" አሉ አባ ተክሌ።

"ተረክቤያለሁ።"

"የጎደለ አለ?"

"የለም አባ።"

"እንግዲያስ እኛም አንድ ነገር እንጠይቅህ" አሉ። "ንፋሳችንን ልትለካ ነበር የመጣኸው። ምን ሆነ?"

ይህን ነበር ከሁሉ አብልጬ የፈራሁት። "ገና እየተጠና ነው" ማለት ይቻል ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ሲቸግረው የሚላት ቃል ናት፣ ምላሴ ላይም መጥታ ነበር። ሰይድ አየኝ። "ንፋሱ ጥሩ ነበር" አልኩ። "ከብዙ ቦታ ይሻላል። ግን መስመሩ ሩቅ ነው፣ መንገዱ አይመችም ተብሎ ተተወ።"

"መቼ?"

"ያኔውኑ፣ ዓመቱ እንደሞላ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ምንም አላልኩም።"

አባ ጆሯቸው ስለከበደ አንዱ ጠጋ ብሎ በኽምጣና ነገራቸው። ከዚያ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተቀባበሉት ሄዱ። እንደያኔው አልገባኝም፤ ሰዓቴን ግን አላየሁም። የሚረግሙኝ መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ። ሲበዛብኝ ዝናሽን "ምን እያሉ ነው?" አልኳት።

"'ንፋሱ ጥሩ ነው' ማለትዎን ነው" አለች። "ደስ ብሏቸው ነው። አባቴ ሁሌ 'ምን አሉ ይሆን?' ይል ነበር። ይቺን ሰምቶ ቢሞት ኖሮ።"

ይቺን። አንዲት ቃል ናት፣ በማንም መንገደኛ አፍ ትላካለች። ሰቆጣ ስንት ጊዜ ሰው ልኬ ማር አስመጥቻለሁ። የማሩን ዋጋ እንኳ ከነሣንቲሙ አስታውሳለሁ፤ ከማሩ ጋር አንድ ቃል መላክ ግን ትዝ አላለኝም። እዚያው መሬት ላይ ቁጢጥ አልኩ፤ ጉልበቱ ነው ብለው ሁለት ሰዎች ደግፈው አነሡኝ። ጉልበቴ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወሬ አልነበረም። ገመዱን የመፍታቱን ተራ እኔ ነገርኳቸው፣ ጮሆ የማዘዙን ሥራ ሰይድ ወሰደ። ዝናሽ የገዛችው ገመድ ለሌላ ቀን ታስቦ የተገዛ ቢሆንም ያው ለዚያው ዋለ፤ ምሰሶውን በሱ ይዘው ቀስ አድርገው አጋደሙት። ሴቶቹ እልል አሉ። እሾሁ ተጠረገ፣ መሬቱ ተለቀለቀ አልተለቀለቀ ሳይባል፣ ጎድጓዳው ውስጥ ንፋስ ሲጠብቅ ከሰነበተው የዝናሽ ገብስ በአህያ ማውጣት ጀመሩ። ወንፈል አንመጣም ያሉት ሰዎች ናቸው መንሹን የያዙት። አንዱ ወደ ላይ ሲበትነው ንፋሱ ከገደሉ በኩል መጣ፣ ገለባው ወርቅ መስሎ ተነሣና እኔ በቆምኩበት በኩል ወረደ። አውድማ ላይ በየት በኩል እንደሚቆም እንኳ አላወቅሁም። በርዶኝ ጃኬቱን ለብሼው ነበር፤ በአንገትጌው በኪሱ ሞላብኝ። ማንም ዞር በል አላለኝም፤ እኔም ዞር አላልኩም።

ልንሄድ ስንል አባ ተክሌ ጠሩኝ። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እጄን አልለቀቁም።

"ልጄ፣ እንዲህ ያለ ብረት ሌላም አገር ተክለሃል?"

"አዎ አባ። ብዙ ቦታ።"

"እዚያም አደራ ብለሃል?"

ሰይድ ጫማዬን ይዞልኝ ቆሟል። ቀና ብሎም አላየኝ። "ብያለሁ" አልኩ።

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ታዲያ አይምሽብህ" አሉና እጄን ለቀቁ።

ሠርጉ አማረ። ጨፈርኩም፤ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። ቤቴ ከተመለስኩ ግን ሰነባብቻለሁ፣ የትም አልሄድኩም። መሄድ የምፈልገው የት እንደሆነ አላጣሁትም። ዓይኔን ስጨፍን አገሩን ሁሉ እዞረዋለሁ፤ የደቡቡ ኮረብታ ሥር አልጋው ስምንት ብር ነበር፣ ባለቤቲቱ አረንጓዴ ሻሽ ታስራለች፣ ማታ ማታ ከጎረቤት ሬዲዮ ዘፈን ይመጣል። የምሥራቁ ሜዳ ላይ የግመል ወተት በጣሳ አንድ ብር ነበር። የመኪናው ጎማ የፈነዳበት መታጠፊያ፣ ጎሚስታው የለበሰው ሹራብ ቀለም፣ ሁሉም አለ። አደራ ያልኳቸው ሰዎች ስም ግን አንድም አይመጣልኝም። ሰይድ ጋ ደውዬ ጠየቅሁት። "እኔ ሞተር አስነሥቼ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ከሰዎቹ ጋር የምታወራው አንተ አልነበርክ እንዴ?" አለኝ። ከሁሉም አንድ ፊት ብቻ ነው የሚመጣልኝ፣ የምሥራቁ ሰውዬ፣ ቀጭን፣ ጺሙን በሂና ያቀላ። አደራዬን ስነግረው እሱም እጁን ዘርግቶልኝ ነበር። ከመነሣታችን በፊት ሻይ ጋብዞኛል። ሻዩ ስድሳ ሣንቲም ነበር።